አራት ጊዜ ይደገም

ሁለት ነጥብና አንድ ቁጥር ስንት ሰው፣ ለስንት ሰዓት፣ እጁን አሰቅለው ሊያቆሙ እንደሚችሉ የሚጠራጠር ካለ ወደ እኔ ይምጣ። በሌላ ነገር አዋቂ ነኝ አልልም። ይህን ግን ዓይኔ አይቶታል፤ ክንዴም አይቶታል።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ መካነ ሰላም ውስጥ የሒሳብ አስተማሪ ሳለሁ ነው። ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ። ባለ ትዳርም ነበርኩ፤ ትዳሬ ግን በደብዳቤ የሚሠራ ትዳር ነበር። ባለቤቴ ዘነበች ወረኢሉ ታስተምራለች፣ እኔ መካነ ሰላም አስተምራለሁ። ከተጋባን ሁለት ዓመት አልፎናል፤ አንድ ጣራ ሥር ያሳለፍናቸው ቀናት ቢደመሩ ግን አንድ ወር አይሞሉም። "ወረኢሉ እኮ እዚህ ነው" የሚሉኝ ሰዎች ነበሩ። እውነት ነው፣ ካርታ ላይ ጣቴን ሳሳርፍ አንዲት ጣት ሁለቱንም ከተሞች ትሸፍናቸዋለች። እኔ ግን የምሄደው በካርታ ሳይሆን በመኪና ነው። ወደ ደሴ የሚሄደውን መኪና ይዤ መንገድ ላይ እወርዳለሁ፤ ሌላ መኪና እጠብቃለሁ፤ መኪናው ሞልቶ ያልፈኛል፤ እንደገና እጠብቃለሁ። ወረኢሉ ስደርስ የተፈቀደልኝ ቀን አልቆ ዘነበችን "እንዴት ነሽ?" ከማለቴ በፊት "የመመለሻ መኪና ስንት ሰዓት ነው?" እላለሁ። ክረምት ከገባ ደግሞ መንገዱ ይቆረጥና ይህቺም ትቀራለች።

ስለዚህ የዝውውር ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ስድስት ጊዜ ጽፌያለሁ። ማመልከቻ መጻፍ እንደ ማንኛውም ሥራ ነው፤ ሰው ሲለማመደው ይሻሻላል። የመጀመሪያው ማመልከቻዬ አራት መስመር ነበር። ስድስተኛው ላይ አንድ ገጽ ተኩል ደርሼ "ትዳሬ አደጋ ላይ ነው" የሚለውን ዐረፍተ ነገር በቀይ አስምሬበት ነበር። መልሱ ግን ሁሌም አንድ ነው፤ "ወደፊት ይታያል።" እኔ ወደፊት ሄድኩ፣ ማመልከቻዬ ግን አልታየም።

አንድ ቀን ጓድ ሰይድ ክፍል ድረስ መጣ። ጓድ ሰይድ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። ሰው ወዳድ፣ ቸር፣ ደግ ሰው ነው፤ አንድ ጉድለቱ ፊሽካው ነው። ቀበሌው ሊቀመንበር አድርጎ ሲመርጠው ፊሽካ ሰጠው፤ ከዚያ ወዲህ በአፉ የሚጠራው ሰው የለም። እኔንም በፊሽካ ከክፍል አስወጣኝና፣

"አብሽር!" አለኝ። "ጉዳይህ አለቀ!"

"የቱ ጉዳይ?"

"የሚስትህ ነዋ! ስማኝ። በመጪው እሑድ የሠራነውን እርከን ሊጎበኝ ከደሴ ትልቅ ሰው ይመጣል። ዝውውር የሚፈርመው እሱ ነው። ወላሂ በእጁ ነው የሚፈርመው! ማመልከቻህን ጻፍና ለኔ ስጠኝ፤ እኔው እሰጥልሃለሁ። አንተ መዝሙሩን ብቻ አሳምርልኝ።"

"የምን መዝሙር?"

"ለእንግዳው የሚዘመረው ነዋ! አንተ ትጽፋለህ፣ ታስጠናለህ፣ እንግዳው ደስ ይለዋል፣ ይፈርማል፣ ሚስትህ ዘንድ ትሄዳለህ። እኛም እርከናችን ይመሰገናል።"

ሰው ሲቸግረው የሚያየው የሚፈልገውን ብቻ ነው። እኔም ከዚህ ሁሉ "ሚስትህ ዘንድ ትሄዳለህ" የምትለዋን ብቻ ሰምቼ እሺ አልኩ። ሰባተኛውን ማመልከቻ እዚያው ቆሜ ጻፍኩት፤ ያችን ዐረፍተ ነገር በቀይ ማስመርም አልረሳሁም። ማን ይዘምራል ብዬ የጠየቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

የከተማው ወጣቶች የኪነት ቡድን ነበረን። ይሁን እንጂ ቡድኑ በዚያው ሳምንት ለውድድር ደሴ ሄዷል፤ አኮርዲዮኑንም፣ ማይክሮፎኑንም፣ ዘፋኞቹንም ይዞ። የቀረው አንድ ከበሮ ነው። ጓድ ሰይድ ግን አስቦበታል።

"የመሪጌታን ሰዎች" አለኝ።

መሪጌታ አስረስ የደብሩ ዜማ መምህር ናቸው። እሳቸውና ደብተራዎቻቸው እንደማንኛውም ሰው የገበሬ ማኅበሩ አባላት ናቸው፤ እርከኑንም አብረው ቆፍረዋል፣ ድንጋዩንም አብረው ተሸክመዋል። እኔ ደነገጥኩ። "ደብተራ ለካድሬ መዝሙር?" አልኩት።

"ምን አለበት? ድምፅ እንደሆን የእነሱን የሚያህል የለም። መቆም እንደሆን ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ያድራሉ። ብቻ መቋሚያ፣ ጸናጽል፣ ጥምጥም የሚባል ነገር እንዳላይ። ያን ካላየሁ ሁሉም ገበሬ ነው።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ራሴ በልጅነቴ አራት ዓመት የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ከድጓው ጋር ሳልስማማ ቀርቼ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ኮበለልኩ። ይህን በቅጽ ላይ ሞልቼው አላውቅም። "የቀድሞ ትምህርት" የሚል ቦታ ላይ ሁሌም ሰረዝ አደርግበታለሁ። በዚያ ዘመን ሰረዝ ብዙ ሰው አድኗል።

እንግዲህ ግጥሙን ጻፍኩ። ስድስት ስንኝና አንድ አዝማች ነው። አንደኛው ስንኝ፣

ተነሥ ገበሬው እርከኑን ሥራ፣
አፈርህ እንዳይሄድ ከጎርፍ ጋራ።

የሚል ሲሆን አዝማቹ ደግሞ፣

እርከን በእርከን ላይ ይነጠፍ ድንጋዩ፣
ኮረብታው ሲለማ ዓይኖቻችን ይዩ።

የሚል ነው። ገጣሚ ነኝ አላልኩም። ዋናው ችግር ግን ግጥሙ ሳይሆን ስቴንስሉ ነበር። ወረቀት የምናባዛበት ስቴንስል በትምህርት ቤቱ የቀረው አንድ ብቻ ነው። ስንኙ ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ አዝማቹም በየስንኙ መካከል አራት አራት ጊዜ እየተመላለሰ ይጻፍ ቢባል አምስት ስቴንስል ይፈልጋል። ስለዚህ ብልሃት ፈጠርኩ። የመምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ አንድ የሙዚቃ አስተማሪ ሰሌዳ ላይ ሁለት ነጥብ ወደ ላይና ወደ ታች አድርጎ "ይህን ስታዩ ትመለሳላችሁ" ብሎን ነበር። ከሙዚቃ ትምህርት የያዝኩት ያቺን ብቻ ነው። በየስንኙ መጨረሻ ሁለት ነጥብ አስቀመጥኩና ከጎኗ ፪ ቁጥርን፣ በአዝማቹ መጨረሻ ሁለት ነጥብ አስቀመጥኩና ከጎኗ ፬ ቁጥርን ጻፍኩ። ከግርጌው ደግሞ "መግለጫ፦ ነጥብና ቁጥር ባለበት በቁጥሩ ልክ ይደገም" ብዬ አሰፈርኩ። ሁሉም ነገር በአንድ ገጽ ገባ። እኔም በራሴ ኮራሁ። ማታውን ለዘነበች በጻፍኩላት ደብዳቤ ላይ ሳይቀር ስለዚያች ነጥብ አንድ አንቀጽ ጻፍኩላት። ባሏን ሁለት ዓመት ስታጣ የኖረች ሴት ስለ ነጥብ ምን ትላለች ብዬ እንኳ አላሰብኩም።

በማግሥቱ ወረቀቱን ለመሪጌታ ወሰድኩላቸው። መሪጌታ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲያነቡ ወረቀቱን ከአፍንጫቸው የሚያስጠጉ ሽማግሌ ናቸው። ብዙ አዩት።

"ይህቺ ምንድን ናት ልጄ?"

"ድጋሚ ናት የኔታ። ስንኙ ሁለት ጊዜ ይደገማል፤ አዝማቹ አራት ጊዜ።"

"አራት!" አሉና ቀና ብለው አዩኝ። "ለመሆኑ የሚመጣው ሰው ያን ያህል ከባድ ሰው ነው?"

"እንዴታ የኔታ! በጣም ከባድ ሰው ነው።"

"ደግ ነው። ማክበር ነው እንግዲህ።"

ይህን ጊዜ አንድ ነገር ሊገባኝ ይገባ ነበር። አልገባኝም። የገባኝ ነገር ቢኖር መሪጌታ ምልክቴን ማክበራቸው ብቻ ነው፤ በዚያም ደስ አለኝ።

ልምምዱ ድንቅ ሆነ። አሥራ ስምንት ደብተራዎች ዜማውን ከአፌ ነጥቀው በአንድ ቀን ያዙት። ሰዓቴን አየሁ፤ ስድስቱን ስንኝ ከነአዝማቹ ያለ ድጋሚ አንድ ጊዜ ሲሉት አራት ደቂቃ ነው።

"ድጋሚውስ የኔታ? አንዴ በድጋሚ ብናየው?"

"ድጋሚ በጥናት አይባክንም" አሉኝ። "እሱ ለዕለቱ ነው። አብሽር፣ እኛ እናውቀዋለን።"

እኔም በሒሳብ አስላሁት። አራት ደቂቃ የነበረው ከነድጋሚው አሥራ ሁለት ደቂቃ ይሆናል። ለትልቅ ሰው አሥራ ሁለት ደቂቃ ይበቃል አልኩ።

እሑድ ደረሰ። እርከኑ ከተሠራበት ኮረብታ ግርጌ ካለው ሜዳ ላይ ሕዝቡ ተሰበሰበ። ብርዱ የደጋ ብርድ ነው፣ ነፋሱም ከአባይ በረሃ አፋፍ እየተነሣ ፊት ይገርፋል። የትምህርት ቤቱ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረው ሳንቃ ተነጥፎባቸው መድረክ ሆነዋል። እንግዳው አጠር ያለ፣ ሞላ ያለ፣ ወፍራም ካፖርት የለበሰ ሰው ነው። በእጁ ንግግሩን ይዟል፤ ወረቀቱ ሲታይ ከሃያ ገጽ አያንስም። ጓድ ሰይድ ከጎኑ ቆሞ በቀኝ ኪሱ ማመልከቻዬን፣ በአንገቱ ፊሽካውን ይዟል። ወደ እኔ እያየ ኪሱን መታ መታ አደረገ። ልቤ ወረኢሉ ገባች።

የዚያን ዘመን ሥርዓት ለማያውቅ ሰው ልንገረው። መዝሙር ሲዘመር ሰው ሁሉ ይነሣል፣ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ይሰቅላል፤ መዝሙሩ እስኪያልቅ ድረስም አያወርድም። ቀድሞ ያወረደ ሰው ምን እንደሚደረግ በአገራችን ማንም አያውቅም ነበር። ስለማይታወቅም ማንም አያወርድም።

ደብተራዎቹ ቀረቡ። እውነትም ጥምጥም የለም፣ ጸናጽል የለም፣ መቋሚያም የለም። ሁሉም ግን በትር ይዘዋል። መካነ ሰላም ባለበት በቦረና አገር በትር ያልያዘ ገበሬ ደግሞ አይገኝምና ጓድ ሰይድ አሳለፋቸው። ፊሽካው ተነፋ። ሕዝቡ ተነሣ። የግራ እጆች ሁሉ ወደ ሰማይ ወጡ። መሪጌታም ጉሮሯቸውን ጠርገው "ተነሥ ገበሬው" አሉ።

ምን ልበላችሁ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። እኔ የጻፍኩት ያ ደረቅ ግጥም በእነሱ አፍ ሲወጣ ጎርፉም፣ አፈሩም፣ ድንጋዩም የሚያስለቅስ ሆነ። እንግዳው ራሱን ነቀነቀ። ጓድ ሰይድ እንደገና ኪሱን መታ መታ አደረገ። የመጀመሪያው ስንኝ አለቀ። ነጥብና ቁጥሯ ላይ ደረሱ።

መሪጌታ በበትራቸው መሬቱን አንዴ መቱ። አሥራ ስምንቱ ሰዎች በአንድ እግር ዞረው በሁለት ተከፈሉ፤ ዘጠኙ በቀኝ፣ ዘጠኙ በግራ፣ ፊት ለፊት ተያይተው ቆሙ። ከዚያም ያችኑ ስንኝ፣ አሁን ግን በጣም በዝግታ፣ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ እያደረጉ፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ ያዜሙ ጀመር። ቀኙ ይላል፣ ግራው ይቀበላል።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከሃያ ዓመት በፊት የተውኩት ትምህርት ከእግሬ ጀምሮ ወደ ጭንቅላቴ ወጣ። የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲደገም ያው በያው አይደገምም! መጀመሪያ ቁም ዜማ ነው፣ ዝም ብሎ ቆሞ። ሲደገም ዝማሜ ነው፣ በመቋሚያ እየተወዛወዙ። ሦስተኛው መረግድ ነው፣ ከበሮ ይገባል። አራተኛው ጽፋት ነው፣ በጭብጨባ እየፈጠነ ይሄዳል። እኔ ደግሞ በገዛ እጄ፣ በማይፋቅ ስቴንስል፣ አዝማቹ ላይ አራት ቁጥር ጽፌያለሁ።

አንደኛው ስንኝ ከነአዝማቹ አሥራ ሦስት ደቂቃ ፈጀ። ስንኞቹ ስድስት ናቸው። እኔም የሒሳብ አስተማሪ ነኝ።

በሁለተኛው ስንኝ ላይ ሰዎች የተሰቀለውን ግራ ክንዳቸውን በቀኝ እጃቸው ከክርን ሥር መደገፍ ጀመሩ። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ክንዳቸውን አስደገፉና ተኙ፤ እጃቸው እንደተሰቀለ ነው የተኙት። እንግዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቱን ለማየት ፈለገ፤ ሰዓቱ ግን በተሰቀለው እጁ ላይ ነው። አንጋጦ ሊያነበው ሞከረ። ጓድ ሰይድ ክንዱ ሲዝልበት ባለማወቅ ግራውን አውርዶ ቀኙን ሰቀለ። ቀኝ በዚያ ዘመን አድኃሪ ማለት እንደሆነ ትዝ ሲለው ደግሞ ደንግጦ ግራውንም መልሶ ሰቀለ። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱንም እጆቹን ሰቅሎ የተማረከ ወታደር መሰለ።

ማስቆም አለብኝ አልኩ። ከመሪጌታ ፊት ለፊት ሄድኩና ሁለት መዳፌን ወደ መሬት እያወረድኩ "ይብቃ፣ ይብቃ" የሚል ምልክት አሳየሁ። መሪጌታ አዩኝ፣ ራሳቸውን በአክብሮት ነቀነቁ፣ ዜማውን ይበልጥ አዘገዩት። ዝግ በሉ ያልኳቸው መስሏቸዋል። እጄን ወደ ላይ ባነሣ ደግሞ ያፈጥኑታል ብዬ ፈራሁ፤ ግን ፍጥነት ይሻላል አልኩና አነሣሁ። ከበሮ ገባ።

ያ የኪነት ቡድኑ ከበሮ ከመድረኩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ከደብተራዎቹ አንዱ ሲያየው ቆይቶ አሁን ግን አላስቻለውም። አንገቱ ላይ አጠለቀው። ጓድ ሰይድ ነገሩ ሲበዛበት ፊሽካውን ነፋ። የፊሽካ ትርጉም "ተጠንቀቅ" ነውና ዘመም ብለው የነበሩት ክንዶች ሁሉ እንደ አዲስ ቀጥ አሉ። ከበሮ መቺው ግን ፊሽካውን የወደደው መሰለኝ፤ ዞር ብሎ እንደገና እንዲነፋለት በዓይኑ ጠቀሰው።

በሦስተኛው ስንኝ ሌላ መንገድ አጣሁና ሰልፉ መካከል ገባሁ። በመሪጌታ ጆሮ ሥር፣

"የኔታ! ይብቃ! ያውኑ በያው ነበር የምትደግሙት!" አልኳቸው።

እሳቸው ዜማውን ሳያቋርጡ፣ ስንኝ ከስንኝ መካከል ትንፋሽ በሚወስዱባት ቅጽበት፣

"ያውን በያው ሁለት ጊዜ ማለትማ ሰሚው የደነቆረ እንደሆን ነው!" አሉና አንድ በትር እጄ ላይ አኖሩ።

በትሩን ባልቀበለው ኖሮ ይህን ሁሉ ዛሬ አላወራም ነበር። ተቀበልኩ። ቀኙ ወደ ግራ ሲወዛወዝ መሐል የቆመ ሰው ወይ ይወዛወዛል ወይ ይረገጣል። ተወዛወዝኩ። አንዴ ከተወዛወዝኩ በኋላ ጉልበቴ አልሰማ አለኝ። አራት ዓመት ሙሉ የልጅነት የኔታዬ በአርጩሜ ያስገቡልኝ ነገር ሁሉ ከሰረዝ በታች ተኝቶ ሲጠብቀኝ ኖሯል! ቀኙ ይላል፣ እኔ ከግራው ጋር እቀበላለሁ። በአራተኛው ስንኝ ላብ አጠመቀኝ። በአምስተኛው ጽፋት ላይ ሲደርስ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ግራ እጃቸውን እንደሰቀሉ ነው እልል ያሉት። ገበሬዎቹ ማጨብጨብ አማራቸው፣ ለማጨብጨብ ግን ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በግራ ጡጫቸውን እንደሰቀሉ በቀኝ እጃቸው ጭናቸውን ይመቱ ጀመር። ሜዳው ተንቀጠቀጠ። በስድስተኛው ስንኝ ከሁሉ ቀድሞ የሚዘለው ማን ነበር ብትሉኝ፣ የቀድሞ ትምህርቱ ሰረዝ የሆነው አስተማሪ ነው። ዝውውሬን ፈጽሞ ረስቼ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ አለቀ። አንድ ሰዓት ከአሥራ ስምንት ደቂቃ። እኔም ያን ጊዜ ነቃሁ።

ማንም እጁን አላወረደም። ሊያወርዱ ፈልገው ነበር፤ ክንዳቸው እምቢ አላቸው እንጂ። የእንግዳውን ክንድ ጓድ ሰይድ በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ዛገ በር ቀስ እያደረገ አወረደለት። እንግዳው የሃያ ገጽ ንግግሩን ለማንሣት ሞከረ፤ ጣቶቹ ወረቀቱን አልይዝ አሉ። ሕዝቡን አየና፣

"ጓዶች! ከዚህ በኋላ ንግግር አያስፈልግም!" አለ።

ያን ጊዜ ክንዱ ሁሉ በአንዴ ወረደ፤ እኔ በመካነ ሰላም ኖሬ እንደዚያ ያለ ጭብጨባ ሰምቼ አላውቅም።

ቀጥሎ እኔን አስጠራኝ። ላቤን በእጅጌዬ እየጠረግሁ፣ በትሩን ከጀርባዬ እየደበቅሁ ቀረብኩ። ዝውውሩ ቀርቶብኝ ሌላ ነገር ባይመጣብኝ ምን ነበረበት እያልኩ ነው።

"አንተ ነህ ይህን ያዘጋጀኸው?"

"እኔ ነኝ ጓድ።"

"ደሴ ላይ" አለና የዛለ ክንዱን እያሻሸ፣ "ደሴ ላይ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ እጃቸው ይወርዳል! ካድሬዎቹ ሳይቀሩ! ይህ ሕዝብ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ! በብርድ! ምን ዓይነት ጽናት ነው ይህ?"

ጓድ ሰይድ ፊቱ በራና ማመልከቻዬን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። "ጓድ፣ ይህ መምህር አንድ ትንሽ ጉዳይ አለችው። ዝውውር ነው።"

እንግዳው አነበበው። ቀይ ያሰመርኩበት ላይ ሲደርስ ቀና አለ።

"ይህን ሰው ከዚህ ማንቀሳቀስ ወንጀል ነው" አለ። "ገና በየቀበሌው ይህን ያስተምርልኛል! አንዲት እርምጃ እንዳይንቀሳቀስ!"

ሳላስበው መለፍለፍ ጀመርኩ። "ጓድ፣ ስህተት ነው! ጽናት አይደለም፣ ስህተት ነው! ጥፋቱ የኔ ነው። ነጥብ አስቀመጥኩ፣ አራት ቁጥር ጻፍኩበት፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነበር መሆን የነበረበት! እኔ የማልረባ ሰው ነኝ፣ ምንም አላውቅም፣ ወረኢሉ ይስደዱኝ!"

እንግዳው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወደ ሕዝቡ ዞረና፣

"ስሙ! ይህ ነው ግለ ሂስ! በሕዝብ ፊት ስህተቴ ነው የሚል ሰው ስንፈልግ ኖረን ዛሬ አገኘን!" አለ።

ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ ባወራሁ ቁጥር ይበልጥ እየተወደድኩ እንደሄድኩ ገባኝና ዝም አልኩ። ማልቀስ አማረኝ። ዘነበች በየሳምንቱ የምትልክልኝ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ "ምን አሉህ?" ትል ነበርና፣ ምን ብዬ እንደምጽፍላት አሰብኩ። በደንብ ስለዘለልኩ ነው የከለከሉኝ ልበላት?

እንግዳው ወደ መሪጌታ ሄደ። "አባቴ፣ ለእናንተስ ምን ይደረግላችሁ?" አላቸው።

መሪጌታ በትራቸውን ተደገፉ።

"እኛ የምንሻው የለም፣ ጓድ ጌታዬ። ጤና ይስጥልን። ብቻ በዜማ ሥራ ቀኙ ሲል ግራው ይቀበላል። ግራው ከሌለ ቀኙ ዜማውን ይዞ ይቆማል እንጂ ወዴትም አይሄድም። እኛ አሥራ ስምንት ሆነን ዛሬ እዚህ ያደረስነው ተቀባይ ስላለን ነው። ይህ ልጅ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻውን ነው የቆመው። ተቀባዩ ወረኢሉ ናት። እሱ ከዚህ እንዳይሄድ ካሉ፣ እሷ ትምጣ።"

እንግዳው መሪጌታን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ እየሳቀ፣

"ግራ የሌለው ቤት በአብዮቱ ዘመን አይፈቀድም!" አለና እስክርቢቶ ጠየቀ። ማመልከቻዬን ጓድ ሰይድ ጀርባ ላይ ዘርግቶ ጻፈበት። ሲጽፍ ክንዱ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ፊደሉ ተጣሞ ነው የወጣው። እኔ ግን ከሩቅ አነበብኩት፦ "መምህሩ ባለበት ይቆይ። ባለቤቱ ወደ መካነ ሰላም ትዛወር።"

ሰባት ማመልከቻ ስጽፍ፣ አንድ ገጽ ተኩል ስሞላ፣ እሷ ወደ እኔ ትምጣ ማለት አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ ብያችኋለሁ።

ዘነበች የመጣችው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ከጠዋት ጀምሮ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሜ ነበር። መኪናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ። አቧራ ለብሳ ከነሻርፏ ወረደች፣ ሳመችኝና ወዲያው፣

"ለስንት ቀን ነው የተፈቀደልህ?" አለችኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ስንገናኝ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ይህንን ነበር። አፏ ለምዶባት ነው።

"ለኔ ምንም አልተፈቀደልኝም" አልኳት። "የተፈቀደው ላንቺ ነው። ቀን የለውም።"

ቆማ አየችኝ። ከዚያ ነገሩ ገባትና መሳቅ ጀመረች፤ ስቃ ስቃ በሻርፏ ዓይኗን ጠረገች። ተሳፋሪው እያየን፣ ሾፌሩ ሻንጣዋን ከመኪናው ጣሪያ እያወረደ እጄን ያዘችኝ። በዚያ ጊዜ በመካነ ሰላም መንገድ ላይ ባልና ሚስት እጅ ለእጅ ተያይዘው አይሄዱም ነበር። እኛ ግን እስከ ቤት ድረስ ተያይዘን ሄድን።